አንዲት የወፈረች ኮከብ

ለሰፊው የአዲስ ከተማ ሕዝብ! ዛሬ ማክሰኞ፣ ጥር ወር 1975 ዓ.ም.፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ በአናጢው በሐምዱ ጆሮ ላይ ተሰክታ የነበረችው እርሳስ መሬት ወድቃለች። በንብረት ላይ የደረሰ ጉዳት የለም። በሐምዱ ላይ ግን ደርሷል፤ ወደ ሥራ ቤቱ የገባችው ጠሂራ ነበረች።

ጠሂራ የአቡጀዲ ነጋዴው የጋሼ ሙነወር ልጅ ናት፤ ዩኒቨርሲቲ ሒሳብ ታጠናለች። የፎቅ መስኮቷ ከሐምዱ ሥራ ቤት ፊት ለፊት ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ በዚያ መስኮት ተያይተዋል፤ አንድ ቃል ሳይነጋገሩ።

«አባባ ልኮኝ ነው» አለች። «መስኮቴ ላይ የእንጨት ፍርግርግ ይሠራ ብሏል። የመንገዱ ዓይን በዝቷል አለ።»

የመንገዱ ዓይን ሐምዱ ራሱ ነበር። ፍርግርጉ ከተገጠመ መተያየቱም ሊቀር ነው።

«ባለ አሥር ጫፍ ኮከብ ይሁን? እንደ መስጊዱ?» አላት።

«ይሁን። እንዴት ነው የምትስለው?»

«በኮምፓስ፣ ሃምሳ ኮከብ አንድ በአንድ።»

«ሃምሳውንም?» ሳቀች። እርሳሷን ከመሬት አነሳችና እንጨቱ ላይ አሥር ጎን ያለው ክፈፍ ሳለች። «አንድ ቁጥር ይበቃሃል። ከእያንዳንዱ ጎን መሀል መስመሩ በስንት ዲግሪ ይነሣ? ቁጥሩ ሲያድግ ኮከቡ ይከሳል፣ ሲያንስ ይወፍራል። ሌላው ራሱ ይከተላል።»

በማግስቱ ሰንጠረዥ ይዛ መጣች፤ ለሃምሳ ኮከብ ሃምሳ ቁጥር። ሁሉም ሰባ ሁለት፤ ቀጫጭን፣ ማንንም የማያሳዩ። ከታች ሦስተኛው ረድፍ ላይ ግን አንዷ ሠላሳ ስድስት ትላለች።

ሐምዱ ሰንጠረዡን ግድግዳው ላይ ለጥፎ ሲያየው ዋለ። ጠሂራ ቁጥር አትሳሳትም። ያቺ ኮከብ ደግሞ መስኮቱ ሥር ተቀምጦ ለሚያነብ ሰው ልክ በዓይን ትይዩ ናት።

እንደተጻፈው ቆረጠ።

ሥራው ሲያልቅ ጋሼ ሙነወር ሊያዩት መጡ። ጣታቸው በረድፎቹ ላይ ሄደ፣ ሄደና ቆመ።

«ይቺስ? ወፈረችሳ!»

የጎረቤቱ አናጢ ባህረዲን መላጊያውን አቆመ። ሐምዱ መርካቶ ውስጥ የሚበላው «አይሳሳትም» በሚለው ስሙ ነው። የሰንጠረዡን ነገር ቢያነሳ ግን ነውሩ የጠሂራ ይሆናል።

«ተሳስቼ ነው ጋሼ።»

«አንተ?»

«እጄ ስቶ ነው። በራሴ እንጨት እንደገና እሠራዋለሁ።»

«ጓዶች! ሐምዱም ሰው ሆነ!» ብሎ ባህረዲን ከት አለ። ወሬው ለምሳ ሰዓት አውቶቡስ ተራ ይደርሳል።

ጋሼ ሙነወር አልሳቁም። ዓይናቸው ግድግዳው ላይ ነበር። የልጃቸውን የእጅ ጽሑፍ ከአንደኛ ክፍል ጀምረው ያውቁታል፤ ሠላሳ ስድስቷንም አገኟት። ጎንበስ ብለው ዓይናቸውን ወደ ፍርግርጉ አስጠጉ። በወፈረችው ኮከብ ውስጥ ሐምዱ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። የልጃቸውን ቁጥር በራሱ ስም የሸፈነውን ሰው ደጋግመው አዩት።

«እንዳለች ግጠማት» አሉ።

«ስህተቷን፣ ጋሼ?»

«ግጠማት አልኩህ። ደሞ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ሽማግሌዎችህን ላክ።»

እርሳሷ እንደገና ወደቀች።

«ጋሼ… እንዴት… ለምን?»

«አልነግርህም።»