ከአምበር በላይ የተቀደደው ፈሰስ

በ፲፱፻፴ ዓ.ም. ሰኔ ሊወጣ ጥቂት ሲቀረው፣ ከአምበር በላይ ያለው ተረተር ጉም ለብሶ፣ የጣሊያን ካሚዮኖች ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ እያጓሩ በግርጌው ያልፉ ነበር፤ ከተረተሩ ራስ፣ በወይራው ጥሻ ውስጥ፣ የፊታውራሪ ባዘዘው አርበኞች ለምክር ተቀምጠዋል።

መሐንዲስ ደምለው ከሁሉ ኋላ ቆሞ እግሩን ያቀያይራል። ባሕር ማዶ ተምሮ ለመንግሥት መንገድ ሲቀይስ የነበረ ሰው ነው፤ ያን በግርጌ የሚታየውን መንገድ ጣሊያን ድንጋይ ሳያለብሰው በፊት ችካል የተከለበት እርሱ ነበር። ዳሩ ግን በዚያ ሸንጎ በቅድሚያ የሚናገር ግዳይ የጣለ ነው፤ ጠላት ያልገደለ ተራው እስኪደርስ ሸንጎው ይበተናል። ደምለው ወገቡ ላይ ከሚጠመጥመው የመለኪያ ገመድ በቀር የሚቆጠርለት ጀብዱ ስላልነበረው፣ ስሙን ትተው «ባለ ገመዱ» ይሉታል።

ቀኛዝማች ታረቀኝ ጎፈሬውን እየነቀነቀ፣ «ነገ ጎሕ ሲቀድ ጠላትን መንገዱ በሚሻገርበት ድልድይ ላይ እንወርድበታለን!» አለ።

ደምለው አላስቻለውም። «ጌታዬ፣ ድልድዩ በመትረየስ ይጠበቃል፤ መንገዱ ግን ጠባቂ የለውም!» ብሎ ያለ ተራው ጮኸ።

«ባለ ገመዱ! መንገዱን ጠልፈህ ልታስረው ነው?» አለ ታረቀኝ፤ ጥሻው በሳቅ ተናወጠ።

ፊታውራሪ እጃቸውን አነሡ። «ተዉት። ስንት ጠመንጃ ትሻለህ?»

«ጠመንጃ አልሻም፤ በሬ ይስጡኝ።»

ሳቁ ቢብስም ደምለው አላቆመም። የተረተሩ ገበሬ ሁሉ በየክረምቱ ጎርፍ ዘሩን እንዳያጥብበት ማሳው ላይ ፈሰስ ይቀድዳል፤ እያንዳንዱም ውሃውን በየፊናው ይሸኛል። «ይህ ሁሉ ፈሰስ አንድ ላይ ቢገጥም፣ ውሃው ከመንገዱ መታጠፊያ በላይ ይወርዳል፤ እዚያ ውሃ ሲጠግብ የሚንሸራተት መረሬ አፈር በአለት ላይ ተኝቷል። አንድ ብርቱ ዝናብ መንገዱን ከነድንጋዩ ገደል ይከተዋል። ጠላት የሚያየው የሚያርስ ገበሬ ነው።»

«ውሃው በማን ማሳ ያልፋል?» አሉ ፊታውራሪ።

ደምለው ገመዱን ዳበሰ። ቁልቁለቱን ለክቷል፣ አፈሩን በጣቱ አሽቷል፤ ይህን ግን ከአፉ አውጥቶ አያውቅም። «በወይዘሮ ዘሪቱ።»

«እንግዲያውስ እኔ አላዝም፤ ሄደህ ለምናት። እስከ ሐሙስ እሺ ካላለችህ ታረቀኝ ይወርዳል።»

ዘሪቱ ባሏ በጦርነቱ የሞተባት፣ አርበኛውን ስንቅ የምታቀብል ሴት ናት። ነገሩን ሁሉ ሰምታ ስታበቃ መቀነቷን አጠበቀች። «ክረምቱ ሲወጣ አፈሬ ይመለሳል?»

«አይመለስም፣ እመይቴ። ጎርፉ ሸርሽሮ ቦረቦር ያደርግብዎታል።»

«እንዲያው ለወጉ እንኳ አትዋሽም? የታረቀኝ ሰዎች ቢሆኑ ጤፍ በእጥፍ ይበቅልልሻል ብለው ይምሉልኝ ነበር።» ቀጥላም፣ «ታረቀኝ ቢወርድስ?»

«ከወረደው የሚበዛው አይመለስም።»

«የኔ እንዳላማውስ?»

«ልጅዎ ከፊተኞቹ ነው።»

ማሳዋን ከዳር እስከ ዳር አየችው። «መንግሥታችን ሲመለስ ቦረቦሩን ትደፍናለህ። በል ማል።»

«በማርያም! እደፍናለሁ።»

«በሬዎቼን ውሰድ። እርፉን ግን አንተ እንዳትይዝ፤ በሬዎቹም ይስቁብሃል።»

ገበሬዎቹ ደምለው በዘረጋው ገመድ ፈሰሱን ቀደዱ፤ ከታች የሚያልፍ የጣሊያን ወታደርም እጁን አውለብልቦላቸው አለፈ። ዝናቡ ግን ዘገየ። ታረቀኝ ማለዳ ማለዳ ሰማዩን እያየ፣ «ባለ ገመዱ፣ ደመናውን ጎትተው እንጂ!» ይለዋል፤ ደምለው እንቅልፍ አጥቶ ከፈሰስ ፈሰስ ሲንከራተት ሰነበተ። ሐምሌ ከገባ ወዲህ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ተረተሩ ጠቆረ፤ ውሃው በዘሪቱ ማሳ አጓርቶ ወረደ፣ መታጠፊያውም ከሥሩ ተንዶ ገደል ገባ። ካሚዮኖቹ ከአምበር ተመለሱ፤ በዚያ ክረምት ድልድዩ ላይ የወደቀ የእናት ልጅ አልነበረም።

መንግሥት በተመለሰ ጊዜ ደምለው ለሥራ ተጠራ፤ የታዘዘውም ያንኑ መንገድ እንዲጠግን ነበር። ጠገነው፤ ሲጨርስም ለዘሪቱ ቦረቦር ድንጋይና ሠራተኛ እንዲሰጡት ሹማምንቱን ለመነ። «ክቡር መሐንዲስ፣ እኛ የመንግሥት መንገድ እንጂ የባልቴት ማሳ አንጠግንም» አሉት፤ ቢመላለስም «ቆይ፣ ትልልቁ ጉዳይ ይለቅ» ተባለ። በየበጋው ከእንዳላማው ጋር ድንጋይ እየተሸከመ ቢደረድርም፣ ክረምቱ እየመጣ ያፈርስባቸዋል። ዘሪቱ ከዳር ቆማ፣ «ሲያፈርስ ጊዜ አገር ሁሉ አብሮት ነበር፤ ሲደፍን ልጄ ብቻ ቀረለት» ትላለች፤ ልጇን ግን እያየች ነው የምትለው።

የአገሩ ሰው ጀብዱውን የታረቀኝ አድርጎ መታጠፊያውን ዛሬም በእርሱ ስም ይጠራዋል፤ ጠላት በበኩሉ ዝናብ አፈረሰው ብሎ አልፏል። የደምለውን እውቀት ሹማምንት ሁለት ጊዜ ሰምተውታል፤ መንገዱ ሲፈርስና መንገዱ ሲሠራ። ስለ ቦረቦሩ ሊናገር ሲነሣ ግን፣ እንደዚያ ዘመን ሸንጎ፣ ተራው ሳይደርስ ተበተኑ።