አሥራ ሰባተኛዋ ጉድጓድ

ስንዱ ጠብታውን በቀጭን የመስታወት ቱቦ ቀድታ ለእህቷ ሰጠቻት። አንድ ፍሬ ኦቾሎኒ በሙሉ በርሜል ውስጥ የተበጠበጠበት ውሃ ነው። በቀማሹ ሰሌዳ ላይ ከተደረደሩት አርባ ጉድጓዶች አሥራ ሰባተኛዋ ቀላች። ስንዱ ሰዓቷን አየች። አራት ሰከንድ።

«ደህና አድረሻል» አለችና ማረጋጊያውን ፈሳሽ አፈሰሰችባት። ቅላቱ ቀስ እያለ ከሰመ።

እንዝርት ከምድር በላይ እየተሽከረከረች የምትኖር መርከብ ናት። የሁለት መቶ አሥራ ሁለት ነዋሪዎቿ ምግብ ሁሉ ገበታ ላይ ከመቅረቡ በፊት በቀማሹ ያልፋል። ቀማሹ ምላስ የለውም። በየጉድጓዱ ያለው ጠባቂ ህዋስ ነው፤ ሰውነት ምንም የማይጎዳውን ምግብ ጠላት መጣ ብሎ ሲሳሳት ደወሉን የሚመታው ህዋስ። አንዱ እንቁላል ይፈራል፣ አንዱ ወተት፣ አንዱ ሰሊጥ። ሁሉም ከሰው የተወሰዱ ናቸው። ከአርባዎቹ ለጋሾች ሠላሳ ዘጠኙ ምድር ላይ በሕይወት አሉ።

የስንዱ እህት የውብዳር የሞተችው በስምንት ዓመቷ ነው። ደሟ ግን ከዚያ በፊት ለምርመራ ተቀድቶ ስለነበር ፍርሃቱን እንደያዘ እየተራባ ቀረ። ስንዱ ለዚህ ሥራ ስታመለክት ይህን ለማንም አልተናገረችም። ህዋሶቹ ካልተፈተኑ ይደነዝዛሉ፤ ስለዚህ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በየማለዳው የገደላትን ነገር በጠብታ ትሰጣታለች።

የምሳው ናሙና መጣ። የዱባ ወጥ ነው። አሥራ ሰባተኛዋ ቀላች። ይህ አዲስ አይደለም፤ የወጥ ቤቷ ኃላፊ እትዬ አመለወርቅ ወጡ ሲቀጥንባቸው የተፈጨ ኦቾሎኒ ጣል ማድረግ ይወዳሉ። የመርከቧ መዝገብ የተመጋቢዎቹን ስም አገላብጦ ሰሌዳው ጥግ ላይ ጻፈ፦ «ኦቾሎኒ የማይስማማው ነዋሪ የለም። ይቅረብ።»

ስንዱ ማረጋጊያውን አፈሰሰች። የጉድጓዷ ቅላት አልጠፋም። ደገመች። ሠለሰች። ቅላቱ ጭራሽ ባሰበት።

«አሁንም እንደበራች ናት እንዴ?» አሉ የላቦራቶሪው ኃላፊ ጋሽ በላቸው፣ በትከሻዋ በኩል አጮልቀው።

«ሦስቴ አጠብኳት።»

«ማረጋጊያው አርጅቷል ስል የሚሰማኝ የለም። ዝጊያት በቃ። አመለወርቅ ራሷ ተቆጥታ እንዲህ አትቀላም።»

ስንዱ ጣቷን መዝጊያው ላይ አሳረፈች። መጫን ግን አቃታት። ልጆች ሳሉ የውብዳር በእንቅልፍ ልቧ ቀሚሷን ጨብጣ አልለቅ ስትላት እንዲህ ነበር የሚሰማት። ጣቷን አነሳችና የነዋሪዎቹን መዝገብ ከፈተች። ትናንት አንድ አዲስ ሰው ገብቷል። ኢብሳ አህመድ፣ የብየዳ ባለሙያ፣ የትውልድ ቦታ ባቢሌ። የማይስማማው፦ ለውዝ።

መዝገቡ ከጎኑ ማብራሪያ አስቀምጦለታል። «ለውዝ፦ ዛፍ ላይ የሚያፈራ፣ ቅርፊቱ ጠንካራ የሆነ ፍሬ። በመርከቧ ውስጥ የለም።» ቃላቱን ያሰናዱት ሊቃውንት ጥንቁቆች ነበሩ፤ የዛፉን ለውዝ፣ ከመሬት የሚቆፈረውን ኦቾሎኒ ብለው ለይተዋል። የባቢሌ ሰው ግን ለውዝ የሚለው ከመሬት የሚቆፈረውን ነው።

ስንዱም እንደዚያው ነበር ያለችው። አሥር ዓመቷ ነበር፤ ጎረቤት ሰርግ ተደግሷል። እናቷ «ሂጂ ንገሪያቸው» ብላ ላከቻት። እሷም ለደጋሿ «እህቴ ለውዝ አይስማማትም» አለቻቸው። ሴትዮዋ ጉንጯን ዳበስ አድርገው «ኧረ እኛ ቤት ለውዝ የለም፣ የኔ ልጅ» አሏት። አልዋሹም። እሳቸው ያንን የሚያውቁት ኦቾሎኒ ብለው ነበር።

ሮጠች።

አዳራሹ ውስጥ እትዬ አመለወርቅ ለአዲሱ እንግዳ ሁለተኛውን ጉርሻ ጠቅልለው ይዘዋል። ኢብሳ አፉን በእጁ ከልሎ ይስቃል።

«በቃኝ እትዬ! ለውዝ እንደሌለበት ግን እርግጠኛ ነዎት?»

«ስንቴ ልማልልህ? እዚህ ሰማይ ላይ ለውዝ ከየት ይመጣል! ይልቅ አፍህን ክፈት፤ አንድ ጉርሻ ያጣላል።»

«እንጣላ!» አለች ስንዱ፣ እጃቸውን መትታ። ወጡ ሽርጣቸው ላይ ተረጨ።

«አበድሽ እንዴ አንቺ?»

«ኦቾሎኒ አድርገውበታል?»

«ታዲያስ! ትንሽ ጣል አድርጌበታለሁ። እሱ ደግሞ መቼ ለውዝ ሆነ?»

የኢብሳ ሳቅ ቆመ። «ኦቾሎኒ ምንድን ነው?» አለ። ድምፁ ሻክሯል። ከንፈሩ ማበጥ ጀምሯል፤ አንገቱ ላይ ሽፍታ ወጥቷል።

ስንዱ ወለሉ ላይ አስተኛችው። ከግድግዳው የአድሬናሊን መርፌ ነቅላ በሱሪው ላይ እንዳለ ጭኑ ላይ ሰካችውና እስከ አሥር ቆጠረች። እግሮቹን ወንበር ላይ ሰቀለች። አንዱ «ውሃ ላምጣለት?» አለ።

«ምንም አትስጡት። እንዳይነሳ ያዙት። ሐኪም ጥሩ!»

እትዬ አመለወርቅ ቀኝ እጃቸውን የሰው እጅ ይመስል ከገላቸው አርቀው ይዘው ቆመዋል። «አንዲት ጉርሻ እኮ ናት» ይላሉ፣ ማን እንደሚሰማቸው ሳያውቁ። «አንዲት ጉርሻ።»

ሐኪሙ መጥቶ ሁለተኛውን መርፌ ወጋው። ትንሽ ቆይቶ ኢብሳ አየር ሲስብ አዳራሹ ሁሉ ሰማው።

ስንዱ ስትመለስ የአሥራ ሰባተኛዋ ቅላት ጠፍቶ ነበር።

«ራሷ ጠፋች» አሉ ጋሽ በላቸው። «አሁን፣ ከመግባትሽ ትንሽ ቀደም ብሎ። ማረጋጊያው ዘግይቶ ሠርቶ ነው መሰለኝ።» መሰለኝ ያሉበት ድምፅ የወትሮው አልነበረም።

ከሰዓት በኋላ ስንዱ መዝገቡ ለውዝ የሚል ቃል እንዲፈልግ አዘዘችው። ሁለት ቦታ አገኘ። አንደኛው የኢብሳ ነው። ታብሌቷን ይዛ ወደ ኢብሳ አልጋ ሄደች። እትዬ አመለወርቅ አራት ጊዜ ታጥበው ከበሩ ራቅ ብለው ተቀምጠዋል።

«ለውዝ ስትል የትኛውን ነው?»

«ከመሬት የሚቆፈረውን፣ በአንድ ቅርፊት ሁለት ሆኖ የሚተኛውን» አለ በሰለለ ድምፅ። «ሌላ ስም እንዳለው አላውቅም ነበር። እኛ አገር ለውዝ፣ ለውዝ ነው።»

እንዳለው አድርጋ ጻፈችው።

ሁለተኛውን ላቦራቶሪ ውስጥ ከፈተችው። ለጋሽ አሥራ ሰባት። የውብዳር ታምሬ፣ ስምንት ዓመት። የማይስማማት፦ ለውዝ። ደሟን የቀዱት ሐኪሞች የጻፉት እናቷ የነገረቻቸውን ነው።

«ይቺን ማረም ምን ያደርጋል?» አሉ ጋሽ በላቸው። «በዚህ መዝገብ የምትበላ...» የአባቷን ስም ሲያነቡ ዓይናቸው ስንዱ ደረት ላይ ወደተሰፋው ስም ሄደ፤ ስንዱ ታምሬ። ወንበር ስበው አጠገቧ ተቀመጡ።

ስንዱ ቃሉን ትክ ብላ አየችው። ሰው ከአንድ በርሜል ውስጥ አንድ ፍሬ የሚለይ መሣሪያ ሠርቷል፤ የሙታንን ፍርሃት እንኳ ሕያው አድርጎ አሠርቷል። ያን ቀን የጎደለው ግን መሣሪያ አልነበረም። አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ «የትኛውን ነው የምትዪው?» ቢላት፣ የአሥር ዓመት ልጅ ብትሆንም መልሱን ታውቀው ነበር።

ለውዝ የሚለውን አጠፋች። ኦቾሎኒ ብላ ጻፈች፣ አንድ ፊደል ተሳስታ አረመች። መዝገቡ «ይቀመጥ?» ሲላት ነካችው፤ ታብሌቷንም መደርደሪያው ላይ አኖረች።