ምልክቱ ወደ መሬት

እመኑኝም አትመኑኝም፣ ይህ በራሴ ላይ የደረሰ ነው። ባይደርስብኝ በወደድኩ።

ሐሙስ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ፀሐይዋ ፍንትው ብላለች...

ሥራዬ ቀናት በሚፈጅ የእግር ጉዞ መንገድ ላይ፣ ተጓዥ እንዳይጠፋ ዛፍና ድንጋይ ላይ ቢጫ ምልክት መቀባት ነው። አብሮኝ የሚሠራው የእህቴ ባል ነው። ጋሼ እለዋለሁ።

በዚያ ሳምንት መንገዳችን ባሕር ማዶ ካለ ሌላ መንገድ ጋር «እህትማማች» ተባለ። እኛ ቢጫ ምልክት ያለው ድንጋይ ላክንላቸው። እነሱም ቀይ ምልክት ያለው ላኩልን፣ ከአንዲት መስመር ደብዳቤ ጋር።

«ምልክቱን ወደ መሬት ደፍታችሁ ትከሉት።»

ጋሼ ሳቀ።

«ለመድፋት ነው እንዴ ይህን ሁሉ አገር ያሻገሩት?»

ቀዩን ወደ ላይ አድርጎ ተከለው። እኔም አፌን ዘጋሁ። ያ ዝምታዬ ዛሬም ያንገበግበኛል።

ቀለሙን ይዞ ቀደም አለ። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ በእጅ ሬዲዮው ጠራኝ።

«ስማ... እዚህ ቀይ የቀባው ማነው?»

«የቱ ጋ?»

«ሁሉም ዛፍ ላይ።»

እኛ ቀይ ቀለም የለንም።

«ጋሼ፣ ተመለስ!»

«ተመልሻለሁ እኮ... ከኋላዬም ቀይ ነው።»

ከድምፁ ጀርባ ማዕበል ይሰማል። እኛ ጋ ደግሞ ባሕር የለም...

«ቢጫ እየቀባህ ና። የቀባኸውን መልሰህ ካየህ እየዞርክ ነው።»

ከዚያ በሹክሹክታ...

«ብሩሹ ጠፋኝ። በእጄ ነው የምቀባው። ሰማዩ... ዝቅ ብሏል። እጄን ሳነሳ ይነካዋል።»

እህቴን በምን ዓይኔ ነው የማያት? የደብዳቤውን ቃል ብፈጽም ይለቀው ይሆናል ብዬ ሮጬ ድንጋዩን ነቅዬ ደፋሁት።

ከታች የነበረው ፊቱ በሙሉ የመዳፍ አሻራ ነበር።

ቢጫ... እርጥብ።

«ኧረ መልሰው!» አለ ሬዲዮው። «ጨለመብኝ!»

ደንግጬ መለስኩት። ከዚያ ወዲህ ሬዲዮው ትንፍሽ አላለም። ጫካውን ሙሉ ሳምንት አሰስን፣ የለም። ድንጋዩን ብደፋው ይጨልምበታል። ብተወው አይወጣም።

ድንጋዩን ስመልስ መዳፌ ላይ አንድ ቢጫ መዳፍ ታተመ። ከእኔ ይሰፋል። በሳሙና ታጠብኩ፣ በጋዝ ፈተግኩት... እስከ ዛሬ አልደረቀም።

እህቴ ማታ ማታ ያን እጄን ይዛ ትቀመጣለች። አታለቅስም።

ትናንት ግን ድንገት ቀና ብላ አየችኝ።

«አንተ... ጨበጠኝ እኮ።»

እኔ ጣቴን አላንቀሳቀስኩም ነበር።