አጥንቷ ሳይቆጠር

ማስተዋል ሰውዬውን መጀመሪያ ያየችው የተበላ የዶሮ አጥንት ከሰሃን ላይ ለቅሞ በሶፍት ሲጠቀልል ነው።

ገንዳ ውሃ ከተማ፣ የእናቷ የወይዘሮ ማናዬ ምግብ ቤት ውስጥ። እሑድ ስለነበር የምትሠራበት ጤና ጣቢያ አልገባችም፤ እናቷን እያገዘች ነበር።

«ለውሻ ነው?» አለችው።

«አይ... ለእኔ ነው።»

«ሥጋውን ሳትጨርስ?»

ሰውዬው አፍሮ ሳቀ። ታጠቅ ይባላል። ከሽንፋ ወንዝ ዳር ድንጋይ የሆኑ የጥንት ወፎችን አጥንት እያወጣ፣ ከዛሬዎቹ ወፎች አጥንት ጋር እያስተያየ የሚያጠና ሰው ነው። የዛሬዋ ጅግራ ከማን እንደመጣች፣ በስንት ዘመን እንዴት እንደተለወጠች ሲያስረዳት ወጡ ቀዘቀዘበት።

ወይዘሮ ማናዬ ከጓዳ ሆነው ሰምተዋል።

«አጥንት የሚለቅም ሰው ለደኅና አይለቅምም። ደብተራ ቢሆንስ?»

«እማዬ፣ ተመራማሪ ነው።»

«ደብተራስ ይመራመር የለ?»

ያም ሆኖ ግቢያቸው ውስጥ ያለችውን ክፍል አከራዩት። ማስተዋል ከሥራ ስትመለስ ደጃፉ ላይ ተቀምጠው ሻሂ ይጠጣሉ። አንድ ቀን ቀጭን የክንፍ አጥንት መዳፏ ላይ አስቀመጠላት።

«ውስጡ ክፍት ነው» አላት። «የምትበር ነገር መቅለል አለባት።»

ማስተዋል አጥንቱን በጣቷ አገላበጠች። እሷ ከብዷት የኖረ ነገር ነበራት። ከዚህ በፊት ታጭታ ነበር። የልጁ ዘመዶች እንደ አገሩ ወግ አጥንት ሲቆጥሩ፣ አያቷ ማረሻ የሚቀጠቅጡ ባለእጅ ሆነው ተገኙ። ቀለበቱ የተመለሰው በዚያው ሳምንት ነው። ከዚያ ወዲህ እናቷ ወንድ በደጅ ባለፈ ቁጥር ይፈሩላታል።

ሰሊጥ ታጭዶ ባለቀ ሰሞን ታጠቅ እጇን ያዘ።

«ማስቴ... ሽማግሌ ልላክ?»

«ላክ» አለች። የአያቷን ነገር ልትነግረው አፏን ከፍታ መልሳ ዘጋችው። ነገ እነግረዋለሁ አለች በልቧ።

በማግስቱ ልትነግረው ስትሄድ በሩ ገርበብ ብሏል። በስልክ እያወራ ነው።

«አጥንቷ ሳይቆጠር ዘሯን እንዴት አውቃለሁ? ... መልኳማ ያምራል፤ ግን መልክ ያሳስታል። ... የለም፣ ከነማን እንደምትወለድ ሳላጣራ ቃል አልሰጥም።»

ማስተዋል በመጣችበት እግሯ ተመለሰች።

እናቷ ፊቷን አይተው ብቻ ገባቸው። «ብዬሽ ነበር» አሉ፤ ከዚያ አብረዋት አለቀሱ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ታጠቅ ሲገባ እሷ ትወጣለች። ሰላም ሲላት ግድግዳውን ታያለች። እሱም ግራ ገባው፤ ምግቡን እያስተረፈ ይነሳ ጀመር። በመጨረሻ በሩ ላይ ጠብቆ አቆማት።

«ምን አጠፋሁ?»

«ቆጥረህ ጨረስክ?»

«ምኑን?»

«አጥንቴን! ዘሬ ታወቀልህ?»

«ያንቺን? ... ማስቴ፣ የወፏን ነው እንጂ!»

ጎትቶ አስገባት። ጠረጴዛው ላይ ከወንዙ ዳር ያወጣት የጥንቷ ወፍ አጥንት በተራ ተደርድሯል፤ ከጎኑ የዶሮው አጥንት ታጥቦ ተቀምጧል። በስልክ ያወራው ከመምህሩ ጋር ነው፤ ወፏ ጅግራ ናት ብለህ ቶሎ ስም ስጣት እያሉት ነበር።

«መልኳ ያምራል ያልከው?»

«እሷን ነው። ሰባራ አጥንት ስለሌላት።»

ማስተዋል ሳቀች። ሳቁ ግን መሐል ላይ እንባ ሆነ።

«ግን የእኔም አጥንት አለ» አለችና ሁሉንም ነገረችው። የአያቷን፣ የቀለበቱን። «ያንተ አባት ይህንን አይሹም።»

ታጠቅ ወንበር ሳበላት።

«ስለ አባቴ ልዋሽሽ አልችልም፤ አላውቅም። ሥራዬ ግን አጥንት መቁጠር ነው። እስከ ዛሬ ያራሽና የቀጥቃጭ ተብሎ የሚለይ አጥንት አላየሁም። እሳቸው እንቢ ቢሉም እኔ እዚሁ ነኝ።»

አባቱ አቶ አለነ ከሳንጃ ሁለት ሽማግሌ አስከትለው መጡ። ወይዘሮ ማናዬ ቤት ገብተው ተቀመጡ። አቶ አለነ ጉሮሯቸውን ጠርገው «እንግዲህ ወጉ ነው፤ እስከ ሰባት ቤት አጥንት እንቁጠር» ሲሉ፣ ወይዘሮ ማናዬ መታገሥ አቃታቸው። ክፉው ነገር ከሰው አፍ እስኪመጣ መጠበቅ ሰልችቷቸዋል።

«ጌታዬ፣ ሳይደክሙ ልንገርዎ። አባቴ ባለእጅ ነበሩ። መሄድ ከፈለጉ በሩ ክፍት ነው።»

ሽማግሌዎቹ መሬት መሬት አዩ። ማስተዋል ከመጋረጃው ጀርባ ሆና ትሰማ ነበር።

አቶ አለነ ጺማቸውን አሹ።

«እመቤቴ፣ አጥንት ለምን ይቆጠራል?»

«ዘመድ ከዘመድ... እንዳይጋባ ነዋ።»

«እንዲያ ነው ያባቶቻችን ወግ። እኔም መንገዱን ሙሉ የሰጋሁት፣ በአርማጭሆ በኩል እንዛመድ ይሆን እያልኩ ነው። በእኛ ወገን ደግሞ አንድም ባለእጅ የለም።» ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ። «እንግዲያው አልተዛመድንም ማለት ነው። ምን ይቆጠራል ከዚህ ወዲያ? ይጋቡ።»

አንዱ ሽማግሌ ሳቁ አመለጣቸው። ታጠቅ ባባቱ ጉልበት ላይ ተደፋ።

«ሰርጉን በጥር እናድርገው» አሉ አቶ አለነ።

ወይዘሮ ማናዬ እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ አበሱ።

«እስከ ጥርማ ስንት ነገር ይመጣል» አሉ። «ለምን በዚህ ሳምንት አይሆንም?»