ያልለቀቃት ሥዕል

ሰኞ ነበር፤ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሩብ። የልጆች መጽሐፍ የምናዘጋጅበት ቢሮ ገብቼ ኮምፒውተሬን ስከፍት የአራት ዓመት ሥዕሎቼ ተበላሽተው ጠበቁኝ። ዝሆኗ ከወገቧ በታች ግራጫ መስመር ብቻ ሆናለች። ጀልባው ጭራሽ አልከፈት አለ።

ያን ሰሞን ቢሮው ፋይሎቻችንን ከአሮጌው ማስቀመጫ ወደ አዲስ የሚያዛውር ሰው ቀጥሮ ነበር። ማስቀመጫው ማን፣ መቼ፣ ምን እንደቀየረ እየመዘገበ የድሮውንም አብሮ የሚይዝ ነው። የሒሳብ ሠራተኛችን ሰውየውን «አሻጋሪው» ብላ ስም አውጥታለት ነበር። ከሰላምታ ሌላ ቃል ስለማይወጣው ኩራተኛ ይመስለኝ ነበር። ቀጥ ብዬ ወደ ጠረጴዛው ሄድኩ።

«ሥዕሎቼን ምን አደረግካቸው?»

«የትኞቹን?»

«የትኞቹን ይለኛል እንዴ! ዝሆኗን ለሁለት ቆርጠሃታል!»

የሒሳብ ሠራተኛዋ ከመነጽሯ በላይ አየችኝ።

«ኧረ ቀስ በይ፣ ሰውየው ገና ቁርስ እንኳ አልበላም።»

እሱ አልተቆጣም። ወንበር ሳበልኝ።

«ተቀመጪ። ያየሽው ሙከራው ነው። ዋናውን አልነካሁትም።»

አሮጌውን ማስቀመጫ ከፈተልኝ። ዝሆኗ አራት እግሯን ይዛ ቆማለች። ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ።

«ታዲያ ምን ነክቷት ነው?»

«ማዛወሪያው ፕሮግራም ሁሉም ፋይል ጽሑፍ ይመስለዋል። ጽሑፍ ሲያሻግር የየመስመሩን መጨረሻ ያስተካክላል። ሥዕል ውስጥም መስመር ያገኘ መስሎት አስተካከለ፤ ማስተካከሉ ነው ያበላሻት። ‹ይሄ ሥዕል ነው፣ እንዳትነካው› ብሎ መንገር ያስፈልጋል። ለሌሎቹ ዓይነቶች ነግሬው ያንቺ ዓይነት አመለጠኝ።»

«ስለዚህ ማሽኑ እንደ አለቃችን ነው። ካልከለከሉት ሁሉንም ያርማል።»

ሳቀ። ሲስቅ ያየሁት ያኔ ነው።

በአሮጌው ማስቀመጫ አንድ ደንብ ነበረን። አንድ ጽሑፍ ሁለት ሰው ቢያርመው የሁለቱም ሥራ ይቀላቀላል። ሥዕል ግን አይቀላቀልም፤ የኋለኛው የፊተኛውን ያጠፋዋል። ስለዚህ ሥዕል የሚነካ ሰው አስቀድሞ ይቆልፈዋል። ስሙ ከሥዕሉ ጎን ይወጣል፤ እሱ እስኪለቀው ሌላው ይጠብቃል።

አሻጋሪው ሥዕሎቹን በየዓይነታቸው እስኪለይ ድረስ ሁሉንም በራሱ ስም ቆለፋቸው። ሲጨርስ ለቀቃቸው። አንዲት ብቻ ቀረች፦ አግዳሚ ወንበር ላይ የተቀመጡ ሽማግሌና አሮጊት የሣልኩባት።

«ያቺን ረሳሃት» አልኩት።

«አልረሳኋትም።»

«የአሮጊቷ እጅ ተጣሟል፣ ላርመው ነው!»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ልቀቃት!»

አፍሮ አንገቱን ደፋ።

«ሻይ ልጋብዝሽ ብዬ ነበር... እምቢ ብትዪም እለቃታለሁ። ግን እሺ ብትዪ ደስ ይለኛል።»

«ጠጪለት እንጂ!» አለች የሒሳብ ሠራተኛዋ ከወዲያ። «በአንድ ሻይ ሥራ አስፈታን እኮ!»

ጠጣሁለት። እሱም ለቀቃት፤ የአሮጊቷን እጅ አረምኩ።

ጽሑፎቹ ወደ አዲሱ ተሻገሩ። ሥዕሎቹ ግን ለጊዜው አሮጌው ውስጥ ይቆዩ ተባለ፤ አዲሱ መቆለፍ አያውቅም ነበር። እኛም በዓመቱ ተጋባን። ከሠርጋችን በኋላ ሥራ በገባሁበት ቀን ከአሮጊቷና ከሽማግሌው ጎን ስሙ እንደገና ወጥቶ አየሁ።

«ደግሞ አሁን ምን ፈልገህ ነው? ሻዩን እንደሆነ በየቀኑ እያፈላሁልህ ነው።»

«ምንም። ይኑር።»

«እስከ መቼ?»

«እነሱን እስክንመስል።»

አልመሰልናቸውም። ሳናረጅ ታመመ፤ ልቡ ነው አሉ ሐኪሞቹ። የመጨረሻው ሳምንት ላይ እጄን ይዞ፣ «ያቺን ሥዕል አልለቀቅኳትም እኮ» አለኝ። «አትልቀቃት» አልኩት።

ከሞተ ስምንት ወር ገደማ ሲሆነው የእሱን ሥራ የያዘችው ልጅ ወደ ጠረጴዛዬ መጣች። ቆማ ጣቶቿን ታፍተለትላለች።

«እትዬ... አዲሱ ማስቀመጫ አሁን መቆለፍ ይችላል። ሥዕሎቹን ልናሻግርና አሮጌው ያለበትን ማሽን ልናጠፋው ነው። አንዷ ግን በጋሼ ስም እንደተቆለፈች ነች።»

«አውቃለሁ።»

«አለቃችን ቁልፉን ስበሪው ብለውኝ ነበር። እርስዎን ሳልጠይቅ እጄ እምቢ አለኝ።»

«ካልተሰበረ አትሻገርም?»

«ኧረ ትሻገራለች። የሚሻገረው ሥዕሉና ማን መቼ እንደቀየረው የሚለው ታሪኩ ነው። ቁልፉ እዚሁ ይቀራል።»

ሥዕሏን ከፍቼ ከጎኗ ያለውን ስሙን አየሁ። ልጅቷም አላቻኮለችኝም።

«እንግዲያው አትስበሪው» አልኳት። «ማሽኑ ሲጠፋ አብሮት ይጥፋ። ብቻ ሥዕሏ ጽሑፍ እንዳትመስለው ለማዛወሪያው ንገሪው።»

«ተነግሮታል፣ እትዬ። ጋሼ ራሳቸው ናቸው የነገሩት።»

ማሽኑ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ጠፋ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ስሙ ከሥዕሏ ጎን ነበር። ሥዕሏ በደህና ተሻግራለች፤ በሦስተኛው የልጆች መጽሐፋችን የመጨረሻ ገጽ ላይ ታትማለች።