ለአኮ የሚተረጎም ድራማ

«እንደ ሁልጊዜው ሁኚ» አለቻት እናቷ፣ በሩ ላይ ቆማ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ድራማውን ለአኮ ክፈቺላቸው፤ አጠገባቸው ተቀመጪ። አደራ፣ ከአፍሽ አንዲት ቃል እንዳታመልጥሽ።»

«እማዬ፣ ዛሬስ ሌላ ሰው ቢገባ...»

«ሌላ ሰው ከገባ ይጠረጥራሉ። ነገ በማለዳ ሽማግሌዎቹ መጥተው መርዶውን ይነግሯቸዋል። እስከዚያ ደማቸው ከፍ እንዳይልብን።»

ሐሴት የድራማዎቹን ፍላሽ አነሳች። የአኮ በቀለች የመጨረሻ ልጅ፣ የጭነት መኪና ሹፌሩ ተረፋ፣ ትናንት ከጊምቢ ወዲያ መኪናው ተገልብጦ ሞቷል። በሰፈራቸው በቡርቃ ጃቶ ይህ አገር ያወቀው፣ ፀሐይ የሞቀው ነገር ነው። ያልሰሙት እናቱ ብቻ ናቸው። ዘመድ እስኪሰበሰብ ሁሉም አፉን ይዘጋል፤ ሐዘኑ የሚመለከተው ሰው ግን ምንም ሳያውቅ ይውላል። ይህን ሥርዓት ማን እንዳወጣው ሐሴት አታውቅም። ያወጣው ሰው ግን ከሟቹ እናት ጋር ተቀምጦ ድራማ አይቶ እንደማያውቅ እርግጠኛ ነበረች።

አኮ በቀለች ለእነሐሴት ቤት ያከራዩ የግቢው ባለቤት ናቸው። ሰፈሩ በሙሉ «አኮ» ይላቸዋል፣ በኦሮምኛ «አያቴ» እንደማለት። የገበያ አማርኛ አያቅታቸውም፤ የድራማ አማርኛ ግን ይፈጥንባቸዋል። ስለዚህ ቅዳሜ ከሰዓት ሐሴት አጠገባቸው ሆና በኦሮምኛ ትተረጉምላቸዋለች። ድራማዎቹ አባቷ በፍላሽ ያጠራቀማቸው የድሮ የቴሌቪዥን ሥራዎች ናቸው። እያንዳንዳቸው ከአንድ አጭር የወንጀል ታሪክ የተሠሩ፣ ምስላቸው የደበዘዘ፣ መርማሪው ሰፊ ሱሪ ለብሶ የሚንጎራደድባቸው። የክፍሏ ልጆች «ሙዚየም ገባሽ እንዴ?» እያሉ ሙድ ይይዙባታል። ለእሷ ግን ነፍሷ ናቸው። መጨረሻው ሲቃረብ አኮ እጃቸውን ያነሳሉ፤ እሷ ታቆመዋለች፤ አኮም «ዘበኛው ነው» ወይም «የእንጀራ እናቷ ናት» ብለው ይፈርዳሉ። አይስቱም ማለት ይቻላል። እንዴት እንዳወቁ ስትጠይቃቸው «የሚያወራውን ተይው፤ ዝም ያለውን እዪ» ይሏታል።

ዛሬ ስለጠፋ የአንገት ሐብል የሚያወራውን መረጠች። የስርቆት ታሪክ ነው፣ ማንም አይሞትም ብላ።

«ስልኬ ተሠራ?» አሉ አኮ ሲቀመጡ።

«ገና ነው፣ አኮ። ባትሪው አልተገኘም አሉ።» ስልኩ እናቷ ቁም ሳጥን ውስጥ ነበር።

ድራማው ተጀመረ። ሐሴት ተረጎመች። መሀል ላይ ግን ያላሰበችው መጣ። መርማሪው የአንዲት አሮጊት በር አንኳኳ፤ ባርኔጣውን አውልቆ ረጅም ነገር ተናገረ። ሐብሉን ሰርቋል የተባለው ልጇ ወንዝ ውስጥ ሞቶ ተገኝቷል።

«ምን አላት?»

«ልጅሽን...» ሐሴት ቃሉን ለወጠችው። «ልጅሽን እየፈለግነው ነው አላት።»

ስክሪኑ ላይ አሮጊቷ ደረቷን እየደቃች መሬት ላይ ወደቀች።

አኮ እጃቸውን አነሱ። መጨረሻው ገና ሩቅ ነበር። ሐሴት አቆመችው።

«ለዚህ ነው ደረቷን የምትደቃው?» አሉ በኦሮምኛ፣ ቀስ ብለው። «ሰውየው ያን ሁሉ ተናግሮ አንቺ ይህቺን ብቻ?»

ሐሴት ሪሞቱን አስቀመጠች። እውነቱን መናገር አትችልም፤ ውሸቱም አልሠራላትም። እንዲህ አቅም አጥታ አታውቅም።

«ጨመዳ ዛሬ ጠዋት ከጉቴ መጣ» አሉ አኮ። ጨመዳ ጉቴ ከተማ የሚኖረው ትልቁ ልጃቸው ነው። «ፊቴን ሳያይ ከእናትሽ ጋር ጓሮ ገባ። ስልኬን ወሰዳችሁብኝ። እናትሽ ቁርስ ስታመጣልኝ ዓይኗ ቀልቶ ነበር። ሽንኩርት ነው አለችኝ፤ ያመጣችልኝ ግን ገንፎ ነው።» ወደ ስክሪኑ ዞሩ። «ጨመዳን አይቼዋለሁ። ያላየሁት ተረፋን ነው።»

የሐሴት እንባ ዝርግፍ አለ። «አኮ፣ እኔ...»

«አንቺን አልጠየቅሁሽም፣ ኢንተላ ኮ፣ የኔ ልጅ። ልጅ ነሽ።» እጃቸው ጉልበቷ ላይ አረፈ። «ነገ በማለዳ ይመጣሉ፣ አውቃለሁ። እኔም ለስንቱ ሰው እንዲህ ሄጃለሁ። ከዚያ በኋላ ቤቱ በሰው ይሞላል፤ አንዱ ይይዘኛል፣ አንዱ ይደግፈኛል። ልጄን ለብቻዬ የማስብበት ጊዜ አይኖረኝም። እስከ ነገ ተዉኝ።»

ሐሴት ፈራች። አኮ እንዳወቁ ብትናገር እናቷ ትጮሃለች፣ ጨመዳ ይሮጣል፣ ሽማግሌዎቹም ዛሬውኑ ይጠራሉ። ባትናገርስ? አኮ አንድ ነገር ቢሆኑስ? የምታማክረው ሰው አልነበራትም።

በሩ ገርበብ አለ። እናቷ አንገቷን አስገብታ፣ አኮ በማይከተሉት ፈጣን አማርኛ «ምነው ቆመ? ጠረጠሩ እንዴ?» አለች።

አኮ ዓይናቸውን ከስክሪኑ ላይ አላነሱም። ጉልበቷ ላይ ያለው እጅ ግን ጠበቅ አለ።

ሐሴት ፊቷን ሳታዞር እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች። «ምንም አልጠረጠሩም» አለች። «ማን እንደሰረቀው እየተከራከርን ነው።»

እናቷ በሩን ዘግታ ሄደች። ሐሴት ሪሞቱን አንስታ ድራማውን ለቀቀችው። ከዚያ ድምፁን ጨመረች። መተርጎሙን ትታ፣ ጓሮ ያሉት ሰዎች የአኮን ለቅሶ እንዳይሰሙ እስኪበቃ ድረስ ጨመረችው።