ስምንተኛው ክር

«እንደገና አጫውቺው» አሉ አባቷ።

ሰብለ ወንጌል ስልኩን ወደ ግራ ጆሯቸው አስጠግታ ለአራተኛ ጊዜ ከፈተችው። አርባ ሰከንድ የሚሆን የጊታር ድምፅ ነው። አቶ ደምለው ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ። ሃያ ስድስት ዓመት ከወፍጮ አጠገብ የቆመ ጆሮ ነው፤ ቀጭን ድምፅ መስማት ካቆመ ቆይቷል። ወፍራሙን ደግሞ ትንሿ የስልክ ድምፅ ማጉያ አታወጣውም። ስለዚህ ምንም አይሰሙም። ሰብለ ይህን ታውቃለች። እሳቸውም ያውቃሉ።

«እሱ ነው?» ሲሉ ጠየቁ።

«የልጄ እጅ ነው እንጂ የማን ይሆናል!» አሉ እናቷ ወይዘሮ አስናቀች ከጓዳ።

«አንቺን አልጠየቅሁም። ጆሮዬን ነው የጠየቅሁት።»

ጆሮዬ የሚሏት ሰብለን ነው። ስልክ ሲደወል የምታነሣው፣ የተባለውን ጮክ ብላ የምትነግራቸው እሷ ናት።

«ይመስላል» አለች።

«ይመስላል ዳኛ ፊት አይቆምም። ነገ በአሥራ ሁለት ሰዓቱ አውቶቡስ ሞጣ እሄዳለሁ።»

ወንድሟ አካለ ወልድ ከቢቸና የወጣው በጥር ነበር፤ ሞጣ ሰርግ ላይ እዚያው ከሚኖረው ጓደኛው ከምናለ ጋር ሊጫወት። አልተመለሰም። ከዚያ ወዲህ ምናለ በየወሩ ይደውላል። አካለ ቆላ ወርዷል፣ የመንገድ ሥራ ይዟል፣ ኔትወርክ የለም ይላል። ሰብለም ቃል በቃል ለአባቷ ታስተላልፋለች። ባለፈው ሳምንት አቶ ደምለው «ድምፁን ካልሰማሁ ራሴ እመጣለሁ በይው» አሉ። ይኸው ዛሬ እሑድ ጠዋት ቅጂው በቴሌግራም መጣ። ከሥሩ «አካለ ነው፤ ባለፈው እሑድ የቀዳሁት» የሚል ጽሑፍ አለ። ምናለ የአባቷን መንገድ ለማስቀረት ልኮት ይሆናል። አቶ ደምለው ግን «ቀድቶት ከሆነ አግኝቶታል። አግኝቶት ከሆነ ያሳየኛል» አሉ።

ሰብለ ወደ ወንድሟ ክፍል ገብታ የጆሮ ማዳመጫዋን ሰካች።

ጊታሩ ግድግዳው ላይ እንደተሰቀለ ነው። ባለ ስምንት ክር ነው፤ አካለ ከአዲስ አበባ ያገለገለውን ገዝቶ ያመጣው። ወፍራሙ ስምንተኛ ክር ሲበጠስበት ምትኩን ቢቸናም ሞጣም ፈልጎ አጣ። ከዚያ ጋራዥ ሄዶ የባጃጅ ፍሪሲዮን ሽቦ ይዞ መጣ። የመቃኛውን ቀዳዳ ሁለት ቀን በሞረድ አሰፋውና አሰረው። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሰብለ በደንብ ታስታውሳለች። ክሩን ትንሽ ያላላና ይመታዋል፤ አባቷን «ይሰማዎታል?» ይላቸዋል። አይሰማም። እንደገና ያላላዋል። በጣም ሲላላ ሽቦው አንገቱ ላይ ያሉትን ብረቶች እየመታ ይንኮሻኮሻል፤ ያን ጊዜ መልሶ ያከርረዋል። በመጨረሻ አባቷ አገጫቸውን የጊታሩ ጠርዝ ላይ አስደገፉ፤ እሱም መታው። «አሃ!» አሉና ሳቁ። ከዚያ ቀን በፊት ልጃቸው ሲጫወት ሰምተው አያውቁም ነበር።

አካለ ያን ቦታ እንዳይጠፋበት ለካው። የስልኩ መቃኛ ያን ያህል ዝቅ ያለ ድምፅ አይለይም፤ ስለዚህ ክሩን መሐሉ ላይ በጣት ጫፍ ነክቶ እየመታ የሚወጣውን እጥፍ ድምፅ ማንበብን ለሰብለ አስተማራት። ሰባ ስድስት ሄርዝ። ሲካፈል ለሁለት፣ ሠላሳ ስምንት። ፕላስተር ላይ «38» ብሎ ጽፎ ከጊታሩ ራስ ጀርባ ለጠፈው። ጎረቤታቸው እትዬ ፈንታነሽ «ይኼ ነገር በገና ነው ጊታር?» ሲሉት «ጊታር ነው እትዬ። ንስሐ ገብቶ ነው» አላቸው።

ሰብለ ቅጂውን ከመጀመሪያው ጀምራ አዳመጠች። ስምንተኛው ክር ሲመታ ከሥሩ አንድ ትንሽ ድምፅ ትከተላለች። ጢቅ። ደግማ ሰማች። ክሩ ሰባት ጊዜ ተመትቷል። ጢቅ ያለውም ሰባት ጊዜ ነው።

ጊታሩን አወረደችና በጣቷ ዳሰሰችው። ሽቦው የተገመደው ከብዙ ቀጫጭን ዘለላዎች ነው። ከታች፣ ክሩ ከሚያርፍበት ብረት አጠገብ አንዷ ዘለላ ተበጥሳ እንደ ሽፋሽፍት ቀና ብላለች። ሰብለ ክሩን መታችው። ዘለላዋ ብረቱን ነካች።

ጢቅ።

ቸኩላ አልደመደመችም። ሌላ ጊታር ይሆን? ምናለ ያለው ባለ ስድስት ክር ነው፤ እዚያ ድረስ አይወርድም። ሌላ የባጃጅ ሽቦ ይሆን? ሌላ ሽቦ በዚሁ ቦታ አይበጠስም፤ ቢበጠስም እንዲህ አይልም። ይህ ጊታር ደግሞ ከጥር ጀምሮ ከዚህ ግድግዳ አልወረደም። «ለሰርግ ስምንት ክር ምን ይሠራል?» ብሎ ትቶት የሄደው ራሱ አካለ ነው።

ደወለች።

«ሰብልዬ! ቅጂው ደረሳችሁ?»

«ደረሰን። መቼ ነው የቀዳኸው?»

«ጽፌልሽ የለ? ባለፈው እሑድ።»

«በምን ጊታር?»

«በ... በኔው።»

«ያንተ ጊታር ስንት ክር አለው?»

 ከበስተጀርባው የባጃጅ ጥሩምባ ይሰማል።

«ጢቅ ይላል» አለች ሰብለ። «ሰባት ጊዜ። ያ ሽቦ እዚህ ነው ያለው ምናለ። አሁን እጄ ላዩ ላይ ነው። ከሰርጉ በፊት እዚህ ቤት መጥተህ ያደርክ ጊዜ ነው የቀዳኸው።»



«ክሩ እኔ ጋ ነው» አለ ምናለ በመጨረሻ።

«ክሩማ እዚህ ነው እያልኩህ...»

«የአንገቱን ነው የምልሽ። የአንገቱ ክር፤ ማተቡ።»

ሰብለ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«መንገድ ላይ ተኩስ ነበር» አለ ምናለ። ድምፁ ቀጥ ብሎ ይወጣል፤ ብዙ ጊዜ ለብቻው የተለማመደው ይመስላል። «ማን እንደተኮሰ አላውቅም። ከመኪናው ወርደን መሬት ላይ ተኛን። ሲያበቃ እኔ ተነሣሁ። እዚያው አጠገብ ካለች ቤተ ክርስቲያን ቀበርነው። ቄሱ ስሙን ጽፈውታል። ክሩን ለእናቱ ምልክት ይሁን ብዬ አስቀረሁት።»

«ስምንት ወር።»

«መርዶ በስልክ ይነገራል? አንቺ ንገሪኝ። ስልኩን የምታነሺው አንቺ ነሽ። ለልጅ ምን ልበል? በየወሩ ልመጣ እነሣለሁ፤ መንገዱ ይዘጋል። መንገዱ ሲከፈት ደግሞ እኔ እዘጋለሁ።»

«አባዬ ነገ ይመጣሉ።»

«ይምጡ። ሽማግሌ ይዤ መናኸሪያ እጠብቃቸዋለሁ። በወጉ ይነገራቸዋል። አንቺ ምንም አትበዪ፤ እሺ? መርዶ የልጅ ሥራ አይደለም።»

ሰብለ ስልኩን ዘጋችው።

በሩ ተከፈተ። አቶ ደምለው ንጹሕ ጋቢ ታቅፈው ቆመዋል።

«አወረድሽው? እሱኑ ልጠይቅሽ ነበር። በዚህ ጠቅልዬ እወስድለታለሁ። ያለሱ እንዴት እንደቆየ እንጃ።»

ከኋላቸው የዕቃው ቦርሳ ይታያል። እናቷ የአካለን ጃኬት ተኩሰው ከላይ አድርገውታል፤ ከጎኑ በፌስታል የታሰረ ዳቦ ቆሎ አለ።

ሰብለ የነገን መንገድ አሰበች። አባቷ ጊታሩን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ይቀመጣሉ። ከጎናቸው የተቀመጠ ሰው ሁሉ ምንድን ነው ይላቸዋል። ለእያንዳንዱ «የልጄ ነው፤ ላደርስለት ነው» ይላሉ። ከዚያ ሞጣ መናኸሪያ ሲደርሱ ሽማግሌዎች ተሰልፈው ያያሉ። ሽማግሌ በጠዋት ተሰልፎ ለምን እንደሚቆም ለማወቅ ጆሮ አያስፈልግም።

ምናለ ያለውም ውሸት አይደለም። መርዶ ወግ አለው። አንድ ሰው ብቻውን አይነግርም፤ ልጅ ደግሞ ጭራሽ አይነግርም። እናቷን የሚይዝ ሰውም የለም።

«ይቀመጡ አባዬ፤ መጣሁ» አለች።

እትዬ ፈንታነሽ ደጃፋቸው ላይ ምስር ይለቅማሉ። «እማዬ ጋ ትንሽ ቢቀመጡልኝ» አለቻቸው።

«ምነው፣ አመማት?»

«አላመማትም።»

እትዬ ፈንታነሽ ፊቷን አዩት። ሰፌዱን አስቀመጡ፣ መቀነታቸውን ጠበቅ አደረጉ፣ ሌላ ሳይጠይቁ ተከተሏት።

አቶ ደምለው የአካለ አልጋ ላይ ጊታሩን ታቅፈው ተቀምጠዋል። ጋቢው ተዘርግቷል። ሰብለ ከፊታቸው ተንበረከከችና የስልኩን መቃኛ ከፍታ ክሩን መሐሉ ላይ ነክታ መታችው። ሰባ አምስት ይላል፤ በስምንት ወር ትንሽ ወርዷል። ሰባ ስድስት እስኪል ድረስ በጥንቃቄ አከረረችው።

«አገጭዎን እዚህ ያስደግፉ» አለች፤ እሳቸውም አስደገፉ። ቀኝ እጃቸውን ይዛ የሌባ ጣታቸውን ጫፍ ከብረቱ አጠገብ፣ ከዘለላዋ በላይ አደረገች። ከዚያ ክሩን መታችው።

«ምንድን ነው የወጋኝ?»

«አንድ ዘለላ ተበጥሳ ነው። ይህ ሽቦ ላይ ብቻ ነው ያለችው።» ጮክ ብላ፣ እያንዳንዱን ቃል ለይታ ተናገረች። «ስልኩ ውስጥም አለች። ቆጥሬያታለሁ።»

አቶ ደምለው ጊታሩን አዩ። ቀጥሎ ግድግዳው ላይ ባዶ የቀረውን ሚስማር አዩ። ከሳሎን የእትዬ ፈንታነሽ ድምፅ ይሰማል፤ እናቷ ግን መልስ መስጠት አቁመዋል።

«ቅድም እሱ ነው ወይ ብለውኝ ነበር» አለች ሰብለ። «እሱ ነው አባዬ። ግን የተቀዳው ከጥር በፊት ነው።»

አገጫቸውን ከእንጨቱ አላነሡም። ጣታቸውንም አላነሡም።

«እንደገና» አሉ።

ሰብለ ክሩን መታችው።